«የጠላቴ» የተባለው እንሰት

«ማንም ሰው ቢላ እንዳያነሳ!»

የልማት ጣቢያው ሠራተኛ አብነት እንዲህ ብሎ ሲጮህ የትሁት አያት ጋሽ ተሰማ ክንዳቸውን እንዳነሱ ቀሩ። አንዱን እንሰት ቆርጠው ጥለው ሁለተኛውን ሊደግሙ ነበር። አብነት ጭቃ የጠገበ ቦቲውን እየጎተተ ሄዶ ከወደቀው እንሰት አጠገብ ቁጢጥ አለና የቅጠሉን ዘንግ ጨመቀው። ከተቆረጠው በኩል ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ቀስ እያለ ወጣ።

«ይኸው። አጠውልግ ነው።»

«ውሃ ጠምቶት ቢሆንስ?» አለች የትሁት እናት በዛወርቅ።

«ቦንጋ ላይ?» አለ አብነት።

ማንም አልሳቀም። ከትናንት ጀምሮ ሲያካፋ የዋለው ዝናብ አሁንም ከኮባው ላይ ይንጠባጠባል። ትሁት ከትምህርት ቤት እንደመጣች ዩኒፎርሟን ሳትቀይር፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ ከሁሉም ኋላ ቆማለች።

«መድኃኒቱስ?» አሉ ጋሽ ተሰማ።

«መድኃኒት የለውም፣ ጋሼ። የታመመውን ከነሥሩ ነቅሎ መቅበር ብቻ ነው። በባክቴሪያ የሚመጣ ነው፤ ዋናው አስተላላፊ ደግሞ ቢላ ነው። የታመመውን የቆረጠ ቢላ ጤነኛውን ከነካ አለቀ።» አብነት ከጃኬቱ ኪስ ማስታወሻውን አወጣ። «ለሪፖርቱ ስለሚያስፈልገኝ ልጠይቅ። ባለፉት ሁለት ወራት ይሄ ቢላ ወደ ሌላ ቤት ሄዶ ነበር?»

«የእናቴ ቢላ?» ጋሽ ተሰማ የተሰደቡ ያህል ቀና አሉ። «ይሄ ቢላ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም!»

አብነት «የለም» ብሎ ጻፈ። ትሁት አንገቷን ደፍታ ጫማዋን አየች። ቢላው ወጥቷል። ያወጣችውም እሷ ነች።

ጓሮው የእማማ አበዛሽ ነው። የትሁት ቅድመ አያት፣ የጋሽ ተሰማ እናት፣ ከሞቱ ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ወር ቀርቷል። ዕድሜያቸውን በትክክል የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሲጠየቁም «እንሰቶቹን ጠይቂ» ነበር መልሳቸው። ቋንቋቸው ካፊኖኖ ነው፤ አማርኛው ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ከሚበቃው አላለፈላቸውም። ሲቆጡ ደግሞ ጋሽ ተሰማን የሚያህል ሽማግሌ «አንቺ!» እያሉ ስለሚጠሩ ቁጣቸውን ማንም ሳይስቅ ጨርሶ ሰምቶት አያውቅም።

እንሰታቸውን በዘጠኝ መስመር ተክለዋል። እያንዳንዱ መስመር የመጀመሪያውን ችግኝ በሰጠቻቸው ሴት ይጠራል። «የእናቴ» አለ። «የአማቴ» አለ። «የአሰለፈች» አለ፤ «የዋጫዋ» አለ። ትሁትን ሁልጊዜ የሚያስቃት ግን ስምንተኛው ነው፤ ስሙ «የጠላቴ» ነው። ጠላታቸው ማን እንደነበረች ስትጠይቃቸው «ጥሩ ጠላት ነበረች፤ ቆጮዋን ቅመሽው» ከማለት በቀር ሌላ አይተነፍሱም። እውነትም ከዘጠኙ መስመር የጣፈጠ ቆጮ የሚወጣው ከእሱ ነበር።

ጋሽ ተሰማ እናታቸውን ቢወዱም ሁለት ነገር አይዋጥላቸውም። አንደኛው ልግስናቸው ነው። በአካባቢው ሴት ልጅ በተዳረች ቁጥር እማማ አበዛሽ ሁለት ችግኝ ነቅለው፣ በኮባ ጠቅልለው ለሙሽራዋ ይሸከሙላታል። ሙሽራ ባዶ እጇን ጎጆ አትገባም ባይ ናቸው። «ጓሮውን በትና ጨረሰችው» ይላሉ ጋሽ ተሰማ። ሁለተኛው የቢላው ነገር ነው። እማማ አበዛሽ የቀንድ እጀታ ያለውን፣ ከመሳል ብዛት የቀጠነውን ቢላቸውን ጓሮ ከመግባታቸው በፊትም ከወጡ በኋላም ስለቱን ምድጃ ውስጥ ይከቱታል። ልጃቸው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያሉ ቢተርቧቸውም ንቅንቅ አላሉም።

«ቢላ የሰው ቤት ወሬ ይዞ ይመጣል» ይሏት ነበር ትሁትን። «እሳት ያስተፋዋል።»

ትሁት ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ አድጋለች። የመስቀል ዋዜማ የክፍል ጓደኛዋ ሜሪ እየሮጠች መጥታ «ወንድሜ ቢላችንን ሰበረው፤ ለዳቦ የሚሆን ኮባ ልንቆርጥበት ነው፣ አሁኑኑ እመልሳለሁ» ስትላትም ረስታው አልነበረም።

«እንሰታችሁ ደህና ነው አይደል?» ብላ ጠይቃታለች።

«ኧረ ደህና ነው! ምነው፣ እማማ አበዛሽን ሆንሽ እኮ!»

ሜሪ ቃሏን ጠብቃ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢላውን መለሰች። ወዲያው ደግሞ እናቷ «ትሁት፣ ኮባ ቶሎ አምጪ፣ ሊጡ ሊገነፍል ነው!» ብላ ተጣራች። ምድጃው ጠፍቷል። እንጨቱ ረጥቧል። እሳት ማያያዝ ማለት ግማሽ ሰዓት ጭስ መብላት ነው። እማማ አበዛሽም የሉም፤ ቆመው የሚያዩ፣ «አንቺ!» የሚሉ ሰው የለም። ትሁት ቢላውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረግ አደረገችና ጓሮ ገባች። ከሦስት መስመር ላይ ሰባት ሰፋፊ ኮባ ቆረጠች። ዳቦው ያን ቀን በጣም ጥሩ ሆኖ ነበር የወጣው።

አብነት በመጣ ማግስት ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ ፕላዝማው ስለ ባክቴሪያ ያወራል። አስተማሪው በእንግሊዝኛ ይሮጣል፤ ተማሪው ከኋላ ከኋላው ይሮጣል፤ ማንም አይደርስበትም። ድንገት መብራት ሄደና ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። በዚያ ጫጫታ መሃል ትሁት ወደ ሜሪ ዞረች።

«እውነቱን ንገሪኝ። መስቀል ጊዜ እንሰታችሁ ታሞ ነበር?»

ሜሪ የእስክሪብቶዋን ክዳን ታላምጥ ጀመር።

«ሦስት ብቻ» አለች በመጨረሻ። «እማዬ ለሰው እንዳትናገሪ ብላኝ ነው። ቀበሌ ከሰማ ሁሉንም ያስነቅለናል ብላ ፈራች።»

«ግን እኮ ጠይቄሽ ነበር!»

«አውቃለሁ። በእናትሽ አታካብጂ! አንቺ ካልተናገርሽ፣ እኔም ካልተናገርኩ ማን ያውቃል? በቃ፣ ነገሩ ተዘጋ።»

ለጥቂት ቀናት እውነትም የተዘጋ መሰለ። እንሰቶቹ ግን ዝም አላሉም። በኅዳር መጨረሻ አምስት መስመር ቢጫ ሆኖ ተንጠለጠለ። ጋሽ ተሰማ አንድ ጠዋት ጓሮውን ዞረው ሲመለሱ በርጩማቸው ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

«ሁሉም ይነቀል» አሉ። «ሲያልቅ አያምር። ባሕር ዛፍ ይተከልበት፤ እሱ እንኳ ሰው አይፈልግም።»

ትሁት ይህን ከበሩ ሥር ሆና ሰማች። እናቷ የጨመረችው ግን የባሰ ነበር።

«ዓይን በላው እንጂ ምን ይሆናል?» አለች በዛወርቅ። «ብርቄ አንድ ቀን አጥሩ ጋ ቆማ ‹አቤት ሲያምር!› ስትል ሰምቻታለሁ። ድሮም ለዚህ ቤት ጥሩ ልብ የላቸውም፤ እናቷም ከእማማ ጋር ሲናከሱ ነው የኖሩት ይባላል።»

እትዬ ብርቄ ከአጥሩ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዛወርቅ ሰላምታ ነሳቻቸው። ወሬ ደግሞ እግር አያስፈልገውም፤ በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ነበር።

እሑድ ዕለት ትሁት ቧንቧ ጋ ወረፋ ስትጠብቅ እትዬ ብርቄ ቢጫ ጀሪካናቸውን ይዘው መጡ። ሴቶቹ ጀሪካኖቻቸውን ሰብሰብ ሰብሰብ አደረጉ። አንዷ እንዲያውም የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። አሮጊቷ ያላዩ መስለው ቀዱ፤ ሲያነሱት ግን ጀሪካኑ ከበዳቸውና መልሰው አስቀመጡት። የሚያግዛቸው ጠፋ።

ትሁት ወረፋዋን ትታ ሄደችና ጀሪካኑን ተሸከመችላቸው። ዳገቱን አብረው ወጡ። በራቸው ላይ ሲደርሱ እትዬ ብርቄ እጇን ያዝ አደረጉት።

«እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ። አንቺ እንኳ አልፈራሽኝም።»

ትሁት ጀሪካኑን ከበሩ ሥር አስቀመጠች። የሚፈራ ሰው ቢኖር እሷ ራሷ ነበረች። ጓሮው ያለቀው በእሷ ስንፍና ነው፤ ስሙ የጠፋው ደግሞ የእኚህ ሴት ነው። ቤቷ ገብታ ምሳ አልበላም አለች፤ ቀጥላም ወደ ሜሪ ቤት ሄደች።

«ነገ አብነት ለንቀላው ሲመጣ እናገራለሁ» አለቻት በር ላይ ቆማ። «የእኔንም የእናንተንም። ከፈለግሽ አንቺ ቀድመሽ ተናገሪ።»

የሜሪ ፊት ተለዋወጠ። «ጓደኛ አይደለሽም» አለችና በሩን ዘጋችባት።

በማግስቱ ጓሮው ውስጥ ሰው ተሰብስቧል። ለንቀላው የመጡ ጎረቤቶች ዶማቸውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። አብነት መቅበሪያውን ጉድጓድ ያሳያል። ትሁት ግን በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ሄዳ እትዬ ብርቄን እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው። በዛወርቅ ልጇን ስታይ «ምን እያደረግሽ ነው?» አለች በሹክሹክታ።

«እሳቸውም መስማት አለባቸው» አለች ትሁት። ቀጥ ብላ አያቷን አየች። «አባባ፣ የእማማ ቢላ ከቤት ወጥቶ ነበር። ያዋስኩት እኔ ነኝ፣ ለእነ ሜሪ። እነሱ ቤት ታሞ ነበር። ሲመለስ እሳት አላስነካሁትም፤ በዚያው ኮባ ቆረጥኩበት። ዓይን አይደለም። እኔ ነኝ።»

በዛወርቅ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጋሽ ተሰማ አልተቆጡም፤ ትሁት ደግሞ ቢቆጧት በመረጠች። አብነት ማስታወሻውን አውጥቶ «የለም» ያለበትን ሰረዘ።

«ጎበዝ። አሁኑኑ እነሱ ጋ እሄዳለሁ፤ ካልተነቀለ ሰፈሩን በሙሉ ይጨርሰዋል» አለ። ከዚያ ቆም አለ። «ቆይ፣ እሳት አላስነካሁትም ነው ያልሽው? እሳት ማስነካት እንዳለብሽ ማን ነገረሽ?»

«እማማ። ሁልጊዜ ስለቱን ምድጃ ውስጥ ይከቱት ነበር። ቢላ የሰው ቤት ወሬ ይዞ ይመጣል፣ እሳት ያስተፋዋል ይላሉ።»

አብነት እየሳቀ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄን ለማስተማር እኮ እኛን ጅማ ድረስ ወስደው ሁለት ቀን ስልጠና ሰጥተውናል! ቢላውን በእሳት። ትምህርቱ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። እማማ አበዛሽ ያለ ስልጠና ነው የያዙት?»

ሰዎቹ ሁሉ ወደ ጋሽ ተሰማ ዞሩ። ሽማግሌው በእጃቸው የያዙትን የቀንድ እጀታ ቢላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያዩት አገላብጠው አዩት።

«ሃምሳ ዓመት» አሉ ቀስ ብለው። «ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሳቅኩባት።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ትሁት አያቷ ሲያለቅሱ በቀብሩ ዕለት እንኳ አላየችም ነበር።

በዛወርቅ እትዬ ብርቄ ፊት ሄዳ ጎንበስ አለች። «ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ ብርቄ። አፌ ቀደመኝ፣ የምለው የለኝም…»

«ተነሺ፣ ተነሺ» አሉ አሮጊቷ ትከሻዋን እየያዙ። «የኔ ዓይን እንኳን እንሰት ሊበላ የመርፌ ቀዳዳ ማየት ካቆመ ቆየ።»

አሁን ሁሉም ሳቀ። እትዬ ብርቄ ግን ወደ መስመሮቹ ጠጋ ብለው በጣታቸው እየቆጠሩ ስምንተኛው ላይ ቆሙ። እሱም ጠውልጓል።

«ይሄ ነው አይደል ‹የጠላቴ› የሚባለው?» አሉ። «በእኔም ጓሮ ‹የጠላቴ› የሚባል አለ። የዚህኛው ጠላትየዋ እናቴ ነበረች። የእናቴ ጠላት ደግሞ አበዛሽ።»

ትሁት አፏን ከፈተች።

«በዚህ አጥር የተነሳ ሰባት ዓመት ተኳረፉ። ሽማግሌ ሲያስታርቃቸው አንዷ ለአንዷ ችግኝ ትስጥ ተባለ። እንሰቱ ደርሶ እስኪበላ ድረስ መጣላት ክልክል። እንሰት መቼም ቶሎ አይደርስም፤ ስድስት፣ ሰባት ዓመት ነው። ሲደርስ በምን እንደተጣሉም ረስተውት ነበር። የእናቴም ዘር፣ አበዛሽ የሰጠቻትም ዘር እኔ ጋ ሁለቱም ቆመዋል። አንድ ቅጠል አልታመመብኝም።»

አብነት በአጥሩ ዘሎ ሄዶ አይቶ ተመለሰ። «ንጹሕ ነው» አለ። «ግን እዚህ መሬት ላይ አሁን መትከል አይቻልም፤ በሽታው አፈሩ ውስጥ ይቆያል። ከቤቱ በላይ ያለው የበቆሎ ማሳ ግን ይሆናል።»

ትሁት ሌላ ነገር እያሰበች ነበር። ያ ሁሉ ሙሽራ! በኮባ ተጠቅልሎ የሄደው ያ ሁሉ ችግኝ! አያቷ «በትና ጨረሰችው» ሲሉ የኖሩት ጓሮ አላለቀም፤ ሌላ ሰው ጓሮ ቆሞ ይሆናል።

«አባባ፣ እማማ ችግኝ የሰጧቸውን ሴቶች እንፈልግ» አለች። «ጓሯቸው ጤነኛ ከሆነ አንድ አንድ ችግኝ ይመልሱልናል። ለሙት ዓመታቸው ዘጠኙንም እንተክላለን!»

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አሉ ጋሽ ተሰማ በደከመ ድምፅ። «ማን ያስታውሳታል? ግማሾቹ ዋጫ፣ ግማሾቹ ቢታ ገነት ነው ያገቡት።»

«እስከ ሙት ዓመቱ ብቻ ይታገሱኝ። ባሕር ዛፉን ያቆዩት።»

ሽማግሌው ቢላውን ወገባቸው ላይ ሻጥ አደረጉ። «እስከ ሙት ዓመቷ» አሉ። «ካልሆነ ግን ባሕር ዛፉን ስተክል ዶማዬን እንዳትይዢብኝ።»

ቀሪዎቹ መስመሮች እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አለቁ። የመጨረሻው «የእናቴ» ነበር፤ ሲቀበር ትሁት ራሷ አፈር አለበሰችው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ግን እጇ አላረፈም። ከትምህርት ቤት መልስ እትዬ ብርቄ ጋ ትቀመጣለች፤ አሮጊቷ ዓይናቸው ቢደክምም ሰርግ የረሱ አይደሉም፤ ማን ለማን ተዳረች፣ የት ሄደች፣ አንድ በአንድ ያወጡላታል። ትሁት ደብተሯ ላይ ትመዘግባለች። ከዚያ ከደብተሩ ገጽ እየቀደደች ሃያ ሦስት ደብዳቤ ጻፈች። ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር።

«የእማማ አበዛሽ ጓሮ ታሞ አለቀ። ሲዳሩ የሰጡዎት እንሰት ካለዎት ለሙት ዓመታቸው አንድ ችግኝ ይዘው ይምጡ። ጓሮዎ ከታመመ ግን አያምጡ። ከመቁረጥዎ በፊት ቢላዎን እሳት ያስነኩት። የልጅ ልጃቸው ልጅ፣ ትሁት።»

ደብዳቤውን ለዋጫና ለቢታ ገነት ሚኒባስ ሾፌሮች፣ ቅዳሜ ገበያ ለሚመጡ ሴቶች አደለች። አንዱ ሾፌር «ፍቅረኛሽ ሃያ ሦስት ነው እንዴ?» ብሎ ቢያሾፍባትም ወሰደላት። አብነትም በየወረዳው ላሉት የሥራ ባልደረቦቹ እየደወለ ጓሮዎቹን ዞር ብለው እንዲያዩ ጠየቀ። መልስ ግን አልመጣም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር። ሜሪም ቦታ ቀይራ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች፤ የእነሱም ጓሮ ተነቅሏል፤ ሰላምታ እንኳ የለም። የሙት ዓመቱ ዋዜማ ጋሽ ተሰማ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ዶማቸውን ይሞርዱ ነበር። ትሁት የሞረዱን ድምፅ ላለመስማት ጓዳ ገብታ ድንች ላጠች።

ሙት ዓመቱ ጥር ውስጥ ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ድንኳኑ ሥር ገና እንደተቀመጡ አንድ ባጃጅ እያጓራ ዳገቱን ወጣ። አንዲት ወፍራም ሴትዮ በቅድሚያ ጥቅላቸውን፣ ቀጥሎ ራሳቸውን አወረዱ። ጥቅሉ በኮባ የታሸገ ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ቅጠል ብቅ ብሏል።

«ደብዳቤ የጻፈችው ልጅ የታለች?» አሉ። «ከዋጫ ነው የመጣሁት። እናቴ ሲዳሩ አበዛሽ የሰጠቻቸው ነው።»

ትሁት ጥቅሉን ተቀብላ ደረቷ ላይ አቀፈችው። «ስሙ ማን ይባላል?»

«ስሙማ ‹የአበዛሽ› ነው፤ ሌላ ምን ስም አለው?»

ከኋላቸው ሌላ ባጃጅ መጣ። ከዚያ ከቢታ ገነት አራት ሴቶች በአንድ ሚኒባስ ደረሱ፤ ሾፌሩ ያ ፌዘኛው ነበር፤ ዛሬ አንዱን ጥቅል ራሱ ተሸክሞ ገባ። አንዲት አሮጊት በእግራቸው፣ በልጅ ልጃቸው ተደግፈው መጡ። ትሁት እያንዳንዳቸውን ስሙን ጠየቀች። ሁሉም የመለሱት አንድ ነው።

«የአበዛሽ።»

«የአበዛሽ ነው የምንለው፣ ልጄ።»

እማማ አበዛሽ መስመራቸውን በሰጭዎቻቸው ስም እንደጠሩ ሁሉ እነዚህም በእሳቸው ስም ጠርተዋቸዋል። ከዋጫ እስከ ቢታ ገነት፣ ከቤተሰቡ ማንም ሳያውቅ፣ በየጓሮው የእማማ ስም በየቀኑ ሲጠራ ኖሯል። ትሁት ይህ ሲገባት ዕንባዋ ዝም ብሎ ወረደ፤ ደስታ ነበር፤ ልትደብቀውም አልሞከረችም።

ግን ችግር ተፈጠረ። ሁሉም «የአበዛሽ» ከሆኑ የቱ የትኛው መስመር ነው? አሥራ አራት ጥቅል ሳሩ ላይ ተደርድሯል። ትሁት እየዞረች አየችው፤ ለእሷ ሁሉም ያው ነው። ያኔ ጋሽ ተሰማ ከወንበራቸው ተነሱ። ከመጀመሪያው ጥቅል አጠገብ ተንበርክከው ኮባውን ፈቱና የቅጠሉን ዘንግ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ዘንጉ ቀይ ነው። ‹የእናቴ› ይሄ ነው» አሉ። ወደ ሁለተኛው ተሻገሩ። «ጥቁር ነጠብጣብ አለው፤ ‹የአሰለፈች›። ይሄ ደግሞ ገርጣ ያለው ‹የዋጫዋ›። ይሄም እሷው ናት…»

በዛወርቅ አባቷን በመገረም አየቻቸው። «አባዬ፣ እንሰት የሴት ሥራ ነው፣ እኔ አላውቅም ይሉ አልነበር?»

«እናቴ ጀርባ ላይ ታዝዬ ያየሁትን እንዴት አላውቅም?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«የጠላቴ»ን ያመጡት እትዬ ብርቄ ናቸው፤ ከአጥሩ ማዶ በክብር፣ በዋናው በር ዞረው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። በዛወርቅ ሮጣ ተቀበለቻቸውና ከፊት ወንበር አስቀመጠቻቸው። በመጨረሻ ሲቆጠር ስምንት መስመር ተገኝቷል። የጠፋው «የአማቴ» ብቻ ነው።

«አያቴ ድሮም አስቸጋሪ ነበረች ይባላል» አሉ ጋሽ ተሰማ። «ቦታዋን ክፍት ተዉላት፤ ደስ ሲላት ትመጣለች።»

ከምሳ በኋላ ሁሉም ወደ በቆሎው ማሳ ወጣ። ጋሽ ተሰማ ትናንት ሲሞርዱት የዋሉትን ዶማ ይዘው መጡ። ትሁት ለመቆፈር እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው። እሳቸው ግን ዶማውን በእጀታው በኩል አቀበሏት።

«የመጀመሪያውን አንቺ ቆፍሪ» አሉ። «ያቦካሽው ለእራት በቅቷል።»

ሴቶቹ እልል አሉ። ከዋጫ የመጡት ሴትዮ ድምፃቸው ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ፀሐይ ዘቅዘቅ ሳትል ስምንቱም መስመር ቆሞ አለቀ። የጋሽ ተሰማ የባሕር ዛፍ ችግኝ እስከ ዛሬ ችግኝ ጣቢያው እንዳለ ነው፤ ሊወስዱት አልሄዱም።

የካቲት ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ትሁት ለችግኞቹ ጥላ ስትሠራ የአጥሩ በር ተንቋቋ። ሜሪ ነበረች። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

«አዲስ ቢላ ገዛን» አለች ዓይኗን ሳታነሳ። «እማዬ ሂጂና አግዣት አለችኝ። ማለቴ… እኔም መምጣት ፈልጌ ነበር።»

ትሁት ቢላውን ከጋዜጣው አውጥታ ወደ ማድቤት ሄደች፤ ሜሪ ተከተለቻት። ምድጃው ይነዳል። ትሁት የእማማ አበዛሽን የቀንድ እጀታ ቢላና አዲሱን ቢላ ጎን ለጎን ስለታቸውን እሳት ውስጥ ከተተች። ሁለቱ ተቀምጠው ጠበቁ።

«አሁን ጠላትሽ ነኝ?» አለች ሜሪ።

«ጥሩ ጠላት ነሽ» አለች ትሁት።

ሜሪ ምን ማለቷ እንደሆነ ባይገባትም ሳቅ አመለጣት። ከደጅ የጋሽ ተሰማ ሳል ይሰማል፤ ውሃ እያጠጡ ነው። ትሁት ከመደርደሪያው ላይ ደብተሯን አወረደች። ሃያ ሦስቱ ስሞች ያሉበትን ገጽ አለፈችና ባዶ ገጽ ገለጠች። ከላይ «የሚሰጣቸው» ብላ ጻፈችና ከሥሩ አሰመረችበት። ችግኝ የሚነቀልበት ጊዜ ገና ሁለት ሦስት ዓመት ይቀረዋል። ቢሆንም እስክሪብቶዋን አላስቀመጠችም።

«1. ሜሪ» ብላ ጻፈች። «ሁለት ችግኝ፣ በኮባ ተጠቅልሎ።»

ከዚያ ቢላዎቹ መሞቃቸውን ለማየት ተነሳች።